የማይተኛውን ልጅ ማስተኛት፦ ከማለዳ የሚጀምር ሥራ

ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ታናሽ እህቱ ከተኛች ቆይታለች። የ5 ዓመቱ ልጅ ግን ፍራሹ ላይ ቆሞ ይዘላል፤ ውኃ ጠማኝ ይላል፣ ሽንቴ መጣ ይላል፣ ከብርድ ልብሱ ጫፍ ክር እየመዘዘ በጣቱ ይጠመጥማል። መጀመሪያ ታባብላላችሁ፣ ቀጥሎ ትቆጣላችሁ፣ በመጨረሻ ሲመራችሁ ስልኩን ታቀብሉታላችሁ። ጠዋት ለመዋዕለ ሕፃናት ስትቀሰቅሱት ደግሞ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ይህን ሌሊት ካፋ፣ ቦንጋ ውስጥ በገዛ ቤቴ ለወራት አሳልፌዋለሁ። የምጽፈው ሌላ ወላጅ እንደ እኔ በጨለማ እንዳይዳብስ ብዬ ነው።

በሕክምና ስሙ ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥ ካለባቸው ሕፃናት ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆኑት የእንቅልፍ ችግር እንዳለባቸው ጥናቶች ያሳያሉ። ጎረቤት «ቅልብልብ» ይበለው እንጂ እንዲህ ያለው ልጅ የማይተኛው ሊያናድዳችሁ ብሎ አይደለም። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑም የሌሊቱም ተደምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። እንቅልፍ ያነሰው ሕፃን እንደ አዋቂ አይፈዝም፤ ይብሱን ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ ይማታል። ስለዚህ ቀን ላይ ከምታዩት ጠባይ ከፊሉን ያመጣው እንቅልፍ ማጣቱ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ ያለ መድኃኒት ማቃለል ይቻላል።

በየመጽሔቱ የሚወጣው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የራሱ ክፍል እንዳለው አድርጎ ይነሳል። እኛ ጋ አንዱ ክፍል ሳሎንም መኝታም ነው፤ ማታ ቡና ይፈላል፣ እንግዳ ይመጣል። ደረጃዎቹን በዚሁ ቤት እንዲሠሩ አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ። በተራ ያዟቸው። ሁሉንም በአንድ ሳምንት የጀመረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው ሳያውቅ ይደክመዋል።

1. ለ7 ሌሊት ጻፉ

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶና ሰዓት ነው። በየቀኑ እነዚህን ጻፉ፦ ፍራሹ ላይ የወጣበትን ሰዓት፣ በእርግጥ እንቅልፍ የወሰደውን ሰዓት፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቃ፣ ጠዋት የተነሳበትን፣ ቀን ተኝቶ ከነበረ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ከቀትር በኋላ ምን እንደጠጣ። መጻፍ ለማይችል ወላጅ ታላቅ ልጅ ይጻፍለት።

ደብተሩ የሚጠቅመው ችግሩን ስለሚለይ ነው። እንቅልፍ አልወስድ የሚለው ልጅ፣ ወስዶት ግን በየሰዓቱ የሚነቃው፣ ከንጋቱ በፊት የሚነሳው፣ ሦስቱም የተለያየ መፍትሔ ይፈልጋሉ። «ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም» የሚል ወላጅ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ልጁ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋት አንድ ጊዜ ብቻ ነቅቶ መተኛቱን ነው። የተለመደው ስህተት በስልኩ የፈረንጅ ሰዓትና በእኛ ሰዓት እያቀላቀሉ መጻፍ ነው። አንዱን መርጣችሁ በዚያው ቀጥሉ፤ ጤና ጣቢያ ስትሄዱም ይህንኑ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።

2. በሌሊት አካሉን መርምሩ

የሚያሳክከው ልጅ በምንም ሥርዓት አይተኛም። ስለዚህ ጠባይ ከማስተካከል በፊት ባትሪ ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።

ፍራሹን ገልብጣችሁ ስፌቱን ተከተሉ፤ ጥቁር ነጠብጣብና ትንንሽ የደም እድፍ ካያችሁ ትኋን ነው። የአልጋውን እንጨት በፈላ ውኃ አጥቡ፣ ልብሱን ቀቅሉ፣ ዝናብ ባባራበት ቀን ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጡ። ለሰብል የሚረጭ ኬሚካል ፍራሽ ላይ መርጨት ልጁን ይመርዘዋል፤ ማንም ቢመክራችሁ አታድርጉት። በጣቶቹ መሐልና በእጅ አንጓው ላይ ሽፍታ ካለ እከክ ሊሆን ይችላል። እከክ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ካልታከመ ይመላለሳል።

ከተኛ ከ2 ወይም 3 ሰዓት በኋላ መቀመጫውን ቀስ ብላችሁ በባትሪ እዩ። ነጭ ክር የሚመስሉ ትንንሽ ትሎች ሌሊት ወጥተው እንቁላል ስለሚጥሉ ልጁን ያሳክኩታል። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው መድኃኒት ቀላል ነው፤ ጥፍሩን ማሳጠርና ጠዋት መታጠብም አይቅር።

አሁን ጆሯችሁን ወደ አፉ አስጠጉ። አብዛኛውን ሌሊት ያንኮራፋል? ትንፋሹ ቆም ብሎ በድንገት ይመለሳል? አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ይተኛል? ያበጠ ቶንሲል የትንፋሽ መንገድ ሲዘጋ እንቅልፍ ይቆራረጣል፤ የዚያ ልጅ የቀን ጠባይ ከኤዲኤችዲ ጋር እስኪምታታ ድረስ ይመሳሰላል። ድምፁን ለ1 ደቂቃ ያህል በስልክ ቅዱና ለሐኪሙ አሰሙት። እንጥል ለማስቆረጥ ወደ ባህል ሐኪም መውሰድ ግን ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣል፤ ለማንኮራፋቱም መፍትሔ አይሆንም።

እግሩን እረፍት የሚያሳጣው፣ «ጉንዳን ይሄድብኛል» የሚል ወይም እንቅልፍ ላይ ሆኖ የሚራገጥ ልጅ የብረት ማዕድን እጥረት ሊኖርበት ይችላል። የአንጀት ትል ደም ማነስን ስለሚያባብስ ሁለቱንም አስመርምሩ። የብረት ሽሮፕ ግን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ፤ መጠኑ ሲያልፍ ለሕፃን አደገኛ ነው።

3. የመንቂያውን ሰዓት አጽኑ

ብዙ ወላጅ ትግሉን የሚጀምረው ከመኝታው ሰዓት ነው። ልጅን በግድ ማስተኛት አይቻልም፤ በሰዓቱ ማንቃት ግን ይቻላል። አእምሮ የሌሊቱን ሰዓት የሚቆጥረው ከጠዋቱ ብርሃን ስለሆነ፣ የዛሬ ማታ እንቅልፍ የሚወሰነው ዛሬ ማለዳ ነው።

የእኛ አካባቢ ለዚህ የታደለ ነው። ካፋ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት እምብዛም አይለዋወጥም፤ ቦንጋ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ሰዓቱን እዚያ ላይ አድርጉት። ልጁን ቀስቅሳችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ደጅ አቆዩት፤ ፊቱን በረንዳ ላይ ይታጠብ፣ ዶሮዎቹን ይፍታ። ደመና ቢሆንም የደጁ ብርሃን ከቤት ውስጡ እጅግ ይበልጣል።

ቅዳሜና እሑድም ሰዓቱ ያው ነው። «ማታ አምሽቷል፣ እስኪበቃው ይተኛ» የሚል ርኅራኄ ቀጣዩን ሌሊት ያበላሻል። ቀን የሚተኛ ልጅ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይንቃ።

4. ጉልበቱን ቀን ላይ ያውጣ

መሮጥ ብቻ አይበቃም፤ የሚገፋ፣ የሚሸከም፣ የሚጎትት ሥራ እንዲህ ያለውን ልጅ ያረጋጋዋል። በ3 ሊትር ጀሪካን ውኃ ያመላልስ፣ የተፈለጠ እንጨት ይደርድር፣ ከጓሮው እንሰት ስትቆርጡ ቅጠሉን ይጎትት። እኛ አገር ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ስለሚይዝ ለዝናብ ቀንም እቅድ ይኑራችሁ፤ በረንዳ ላይ ገመድ መዝለል፣ ልብስ መጭመቅ፣ ሊጥ ማሸት ይበቃሉ። ትግልና ማሳደድ ግን ከመኝታው አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ያብቃ። አባት ማታ ከሥራ ሲገባ ልጁን ወደ ላይ እየወረወረ የሚያጫውተው ጨዋታ ፍቅር ነው፤ ሰዓቱ ብቻ ወደ ቀን ይምጣ።

5. ከቡናው አታስወጡት፣ ቡናውን ግን አትስጡት

ይህ ደረጃ ካፋ ውስጥ ከሁሉ ይከብዳል። እቤታችን ቡና በቀን 3 ጊዜ ይፈላል። ሕፃኑ ሲያለቅስ «በረካ ናት፣ ቀጭን ናት» ተብላ አንድ ሲኒ ትሰጠዋለች። በረካም ካፌይን አላት። ሻይም አለው፤ እየተፈላ የሚጠጣው የቡና ቅጠልም አለው። በአዋቂ ሰው እንኳ ከጠጣው ካፌይን ግማሹ ከሰውነቱ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ18 ኪሎ ሕፃን ላይ አንዲት ሲኒ የምታደርሰውን ገምቱት።

እኔ ቤት ጠቡ የተነሳው ከአያቱ ጋር ነበር። «እኛ ጠጥተን አልሞትንም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን የሌሊቱን 8 ሰዓት አብረውኝ አያመሹም። የሠራልን መላ ልጁን የቡናው ባለሟል ማድረግ ነው። ቄጠማውን ይጎዝጉዝ፣ የቡና ቁርሱን ያዙር፣ ለራሱ ሲኒ ሞቅ ያለ ወተት በካፋ ማር ይቀዳለት። ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ በሲኒ መጠጣቱ እንጂ ሲኒው ውስጥ ያለው አላስጨነቀውም። ማር ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን እንደማይሰጥ አትዘንጉ።

6. ምሽቱን አንድ ዓይነት አድርጉት

ከመኝታው በፊት ያለው 40 ደቂቃ በየቀኑ በአንድ ቅደም ተከተል ይሂድ። ትኩረቱ የሚበታተን ልጅ የሚቀጥለውን በቃል ከምትነግሩት ይልቅ ለምዶት ሲያውቀው ይረጋጋል። የእኛ ተራ ይህ ነው፦ ቴሌቪዥንና ስልክ ይጠፋል፣ እግር ይታጠባል፣ ሽንት ቤት ይኬዳል፣ ጸሎት፣ አንድ ተረት፣ መብራት። ስድስቱን በካርቶን ላይ ሥላችሁ በቁመቱ ልክ ግድግዳ ላይ ለጥፉለት።

ሰዓት ገና ለማያነብ ልጅ «5 ደቂቃ ቀረህ» ማለት ትርጉም የለውም። ማታ ቡና የምታፈሉ ከሆነ ቡናውን ሰዓት አድርጉት፤ አቦል ሲቀዳ ስልኩ ይጠፋል፣ ቶናው ላይ እግር ይታጠባል፣ በረካው ሲቀዳ ፍራሹ ላይ ይወጣል። ቡና የማይፈላበት ቤት ዶሮ ሲገባ፣ ሳህን ሲታጠብ እያለ ምልክት ያበጅ።

እግር ማጠቡን አታቃሉት። ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አድርጋችሁ ራሳችሁ እጠቡት። በእርጋታ፣ ተረከዙን፣ ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ። ልጄ ከ5 ደቂቃ በላይ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ያየሁት መጀመሪያ ሳፋው ላይ ነው፤ ትከሻው ወረደ፣ ከዚያ አዛጋ። ለብ ያለው ውኃ እግሩን ካሞቀው በኋላ ሰውነቱ ሙቀቱን በእግሩ በኩል ማውጣት ይጀምራል፤ ይህም እንቅልፍን ይጠራል።

ከክፍሉ ማዶ ሆናችሁ «ሂድ ተኛ!» ብትጮኹ አይሰማችሁም። ተጠግታችሁ፣ ትከሻውን ነክታችሁ፣ ዓይኑን እያያችሁ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፦ «አሁን ሽንት ቤት»። ተረቱ በካፋ ቋንቋ በካፊ ኖኖም ይሁን በአማርኛ፣ ያው አንዱ ተረት ለሳምንት ቢደጋገም ይሻላል፤ አዲስ ተረት ያነቃዋል። ነጩን አምፖል አጥፍታችሁ ደብዛዛ መብራት ተጠቀሙ። ኩራዝ ከሆነ ከመጋረጃና ከፍራሽ ይራቅ።

7. የመኝታውን ሰዓት ከእንቅልፉ አስጠጉ፣ ከዚያ ቀደም አድርጉት

ደብተራችሁ ልጁ እንቅልፍ የሚወስደው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው ካለ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ፍራሽ ላይ ማውጣቱ ለ2 ሰዓት ያህል አልጋው ላይ መጣላትን ያስተምረዋል። ስለዚህ ለመነሻ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ብቻ አስተኙት። የምሽቱን ሥርዓት ከዚያ 40 ደቂቃ ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ጠዋት ግን በዚያው በ12 ሰዓት ተኩል ቀስቅሱት። በ20 ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ የሚወስደው ከሆነ ከ3 ሌሊት በኋላ 15 ደቂቃ ቀደም አድርጉት። እንዲህ እያላችሁ 2 ሰዓት ተኩል ለመድረስ 24 ሌሊት ያህል ይፈጃል። ዘመድ «ልጁን እስከዚህ ሰዓት ታስመሻላችሁ?» ይላችኋል፤ እየሠራችሁ ያላችሁትን ነገር አስረዱት።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከሆነ ይህን ደረጃ ያለ ሐኪም አትሞክሩት፤ የእንቅልፍ ማነስ ጥቃቱን ሊቀሰቅስ ይችላል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃንም አስቀድማችሁ ባለሙያ ጠይቁ።

አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ የልጁን ፍራሽ ከበሩና ከቴሌቪዥኑ በራቀው ጥግ አድርጉና በነጠላ ወይም በሻሽ ጋርዱት። ሌሎቹ ማውራት ይችላሉ፤ ዝቅ ባለና በማይቋረጥ ድምፅ ሲሆን ልክ እንደ ዝናብ ያስተኛል፣ ድንገት የሚፈነዳ ሳቅና የስልክ ጥሪ ግን ይቀሰቅሳል። ብቻውን መተኛት ከፈራ በርጩማ አምጥታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ግን አትጫወቱ። በየ3 ሌሊቱ በርጩማውን አንድ እርምጃ አርቁት። ከወንድሙ ጋር የሚተኛ ከሆነ ወንድሙ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ይግባ።

በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ሌሊቶች ነገሩ ይብሳል። ልጁ የድሮው መንገድ ይሠራ እንደሆነ እየፈተነ ነው። ብዙ ቤት ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ በአምስተኛው ሌሊት እጅ ሰጥታችሁ ስልኩን ከሰጣችሁት የተማረው «5 ሌሊት ማልቀስ ያዋጣል» የሚለውን ነው። አባትም እናትም አያትም አንድ ቃል ይዛችሁ ጀምሩ፤ መስማማት ካልቻላችሁ ጀምሩ አልላችሁም።

ልፋቱ ከንቱ እንዳልሆነ አንድ ማስረጃ ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ2015 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ኤዲኤችዲ ካለባቸው ከ5 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 244 ልጆች የከፊሎቹን ወላጆች በ2 ቀጠሮና በአንድ የስልክ ጥሪ እንዲህ ያለ ዘዴ አሠልጥኖ ነበር። የእነዚህ ልጆች እንቅልፍ ብቻ ሳይሆን የቀን ጠባያቸውም ከሌሎቹ ተሽሎ ተገኝቷል፤ ለውጡም ከ6 ወር በኋላ በአብዛኛው አልጠፋም።

8. ሌሊት ሲነቃ

መብራት አታብሩ፣ ምግብ አትስጡ፣ አትጨቃጨቁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጡና እሱኑ ብቻ ደጋግሙ፦ «ሌሊት ነው፣ እዚህ ነኝ፣ ተኛ»። መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ከሆነ ለሌሊት ፖፖ አዘጋጁ፤ በብርድና በጭቃ ወጥቶ የሚመለስ ልጅ ሙሉ በሙሉ ይነቃል። ከንጋቱ በፊት የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ከቀሰቀሰውም መልሱ ያው ነው።

ከተኛ በኋላ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ዓይኑን ከፍቶ የሚጮኽ፣ ስትነኩት ግን የማያውቃችሁ ልጅ የሌሊት ሽብር የሚባለው ሊሆን ይችላል። ሰይጣን አልያዘውም። አታናውጡት፣ ውኃ አትርጩበት፤ እንዳይወድቅ ከጎኑ ሁኑ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል፣ ጠዋትም አያስታውሰውም። ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ፣ ምራቅ የሚያዝረበርብ ወይም ሽንቱን የሚለቅ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው። በእንቅልፍ ልቡ የሚንቀሳቀስ ልጅ ካላችሁ የበሩን መወርወሪያ ከፍ አድርጉ፣ ፍሙን አዳፍኑ፣ ቢላዋውን ሰውሩ።

ጠዋት ደግሞ ሽልማቱ እዚያው ይሁን። «ለገና ጫማ እገዛልሃለሁ» የሚለው ቃል ለዚህ ልጅ በጣም ሩቅ ነው። እንደነቃ በጠመኔ ግድግዳው ላይ አንድ ኮከብ ራሱ ይሣል፣ እናንተም ምን እንዳደረገ ጠርታችሁ አመስግኑት፦ «ትናንት ፍራሽህ ላይ ቆየህ»።

9. መድኃኒትን በተመለከተ

የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ እንዲያስተኛ ብላችሁ አትስጡ። አንዳንዱን ልጅ ገልብጦ ይበልጥ ያነቃዋል፣ ትንንሾቹን ደግሞ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ጠጅ፣ ጠላ ወይም አረቄ ከንፈሩን እንኳ አይንካው። ሜላቶኒን የሚሰጠው ሐኪም ሲያዝ ብቻ ነው። ልጁ ለኤዲኤችዲው ሜቲልፌኒዴት የሚወስድ ከሆነ የሚወስድበትን ሰዓት ንገሩ፤ ከቀትር በኋላ የተዋጠው እንቅልፍ ሊያባርር ይችላል፣ ሰዓቱን የሚለውጠው ግን ሐኪሙ ነው። ከ6 ዓመት በታች ላሉት የሚመከረው የመጀመሪያ ሕክምና ወላጆችን ማሠልጠን እንጂ መድኃኒት አይደለም። ጠበል የምትወስዱትም ብትሆኑ ክትትሉን አታቋርጡ።

መነሻችሁ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ጤና ጣቢያው ነው። ከዚያ ቦንጋ ወዳለው ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ትላካላችሁ። ጅማ ከቦንጋ 100 ኪሎ ሜትር አለፍ ስለሚል ደብተሩንና የማንኮራፋቱን ቅጂ ሳትይዙ አትሳፈሩ። ትንፋሹ የሚቆም ከሆነ፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይም ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ደረጃዎቹን ጨርሳችሁ ሳይሆን ዛሬውኑ ሂዱ።

10. ሥርዓቱ ሲበላሽ

ይበላሻል። የካፋ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ ይመጣል፣ ፋሲካ ይመጣል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ልጁ ያተኩሰዋል። በበዓሉ ሌሊት አታስጨንቁት፤ ከዘመድ ልጆች ጋር ያምሽ። በማግስቱ ግን በ12 ሰዓት ተኩል ቀስቅሱት፣ ደጅ አውጡት፣ ማታ እግሩን እጠቡት። በ3 ሌሊት ውስጥ ወደነበረበት ካልተመለሰ ደብተሩን አውጥታችሁ እንደገና ለ7 ሌሊት ጻፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከበዓሉ ጋር የገባ አንድ ነገር ታገኛላችሁ። እኛ ቤት ባለፈው ጊዜ ያገኘነው ነገር በአያቱ ጋቢ ስር ተደብቃ የምትቀዳለት በረካ ነበረች።